ቤልሚሮ መንጠቆ ሲመርጥ

ቤልሚሮ ፉርታዶ ዕድሜውን ሙሉ ቱና ሲያጠምድ ኖሮ ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር፣ በፖርቱጋሎች ክለባችን ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ቅዳሜ ለእራት ሃሊበት አመጣላችኋለሁ» አለ። ሰውም አጨበጨበ። እኔ ግን ጎረቤቱ ነኝና ፊቱ ወዲያው ሲገረጣ አይቻለሁ። ሰውዬው ሃሊበት አጥምዶ አያውቅም።

ሃሊበት በሳን ዲዬጎ ወሽመጥ አሸዋ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚተኛ፣ ሁለት ዓይኖቹ ባንድ ጎኑ የሆኑ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ከቱና ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ውሃው ብቻ ነው። ቤልሚሮ በወጣትነቱ፣ መረብ ሳይመጣ በፊት፣ ቱና የሚያጠምደው በቀርከሃ ዘንግ ነበር። ዓሣው ሲነክስ ባንድ ትንፋሽ ጎትቶ በራሱ ላይ አሳልፎ ከኋላው መርከቡ ወለል ላይ ይጥለዋል። ማሰብ የለም፣ መጠበቅ የለም። ክንዱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዴኦሊንዳ ሱቅ ሄደ። የዴኦሊንዳ ባል ከሞተ አምስት ዓመት ሆኗል፤ የዓሣ ማጥመጃ ሱቁን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። እውነቱን ለመናገር ባሏም በሕይወት ሳለ ስለ መንጠቆ ሲጠየቅ መልሱን የሚያገኘው ከእሷ ነበር። ማክሰኞም ሄደ። ረቡዕም ሄደ። ሐሙስ ዕለት እኔ የተበላሸ የክር ማጠንጠኛዬን ይዤ ስገባ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«ዛሬስ ምን ጎደለ፣ ሲኞር ቤልሚሮ?» ትለዋለች።

«መንጠቆ።»

«ትናንትም የገዙት መንጠቆ ነበር።»

«የትናንቱ አነሰኝ። ያንን ያሳዩኝ እስቲ፣ ዶና ዴኦሊንዳ።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የሰው አውራ ጣት የሚያህል ቆልማማ ብረት ጠቆመ።

«እሱ የሻርክ ነው። ለማባበያ የምትሰካው ሳርዲን ይህን ተሸክማ እንዴት ትዋኛለች? ዓሣ ነው የሚያጠምዱት ወይስ መልሕቅ ነው የሚጥሉት?»

ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት። «ይዩ። ክሩ መጀመሪያ በዚህ እርሳስ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። እርሳሱ አሸዋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ክሩ ግን በውስጡ ይንሸራተታል። ሃሊበቱ ማባበያውን ይዞ ሲሄድ ክብደት ስለማይሰማው አይጠረጥርም። ከእርሳሱ ወዲያ አንድ ክንድ ተኩል ቀጭን ክር። ጫፉ ላይ ይቺ ትንሿ መንጠቆ። በሳርዲኗ አፍንጫ ያስገቧታል፤ ሳርዲኗ ሳትሞት ትዋኛለች።»

«ሃሊበቱ በጭራዋ በኩል ቢነክሳትስ?»

ዴኦሊንዳ ቀና ብላ አየችው። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ በጭራዋ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ብለው ይቺን ሦስት ጥርስ ያላትን ከኋላ በአጭር ክር የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልወዳትም። ትዕግሥት ላለው ሰው የፊቷ ብቻ ትበቃዋለች።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎ ሁለቱም አይበቁም።»

ሁለቱንም ገዝቶ ጆሮው ቀልቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁና «ስማ፣ አንድ ዓሣ ልታጠምድ ነው ወይስ ሱቅ ልትከፍት?» አልኩት።

«መንጠቆ መምረጥ ቀላል መሰለህ፣ ዘፈሪኖ?» አለኝ። ሽቶ ሽቶ ይሸታል።

አርብ ዕለት ዴኦሊንዳ ራሷ ደወለችልኝ። «ጀልባህ ይሠራል? ይህ ሰውዬ በክለቡ ፊት ከሚዋረድ ሱቁን እህቴ ትጠብቅልኝና ወስጄ ላሳየው» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም በጀልባዬ ወጣን። ወሽመጡ አፍ ላይ ከቆመው የማባበያ መሸጫ ባልዲ ሙሉ ሳርዲን ከነሕይወቱ ቀዳን። ዴኦሊንዳ እጇን አርጥባ አንድ በአንድ መረጠች፤ ቅርፊቱ የረገፈውን፣ አፍንጫው የቀላውን ወደ ጎን አደረገች። ሞተሩን አጠፋሁና ጀልባዋን ለውሃው ፍሰት ለቀቅኳት።

ቤልሚሮ ሁለቱንም መንጠቆ አስሮ ነበር። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላን የዘንጉ ጫፍ ንቅንቅ አለ።

«ይቆዩ!» አለች ዴኦሊንዳ።

የት ይሰማል! ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ መነጨቀው። ጭራዋን የተነከሰች ሳርዲን ከውሃው ተስፈንጥራ ወጣች፣ በራሱ ላይ አለፈች፣ ዴኦሊንዳን ጉንጯ ላይ ጧ አደረገቻት።

ለሃያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እንደምን አሉ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ አክብሮት እዚያው ላይ አበቃ።

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ!»

«እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው!»

«እንግዲያው እጅህን አስተምረዋለሁ።» ከጉንጯ ላይ ቅርፊት እየለቀመች ትእዛዝ ሰጠችው። ዓሣው ሲነካ ክሩን ያላላል፣ «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግማል፣ ከአሜን በኋላ ብቻ ቀስ ብሎ ዘንጉን ያነሳል።

ሁለተኛው ሲነክስ ጸሎቱን እንደ ባቡር አስኬደው። ቃሉ ከቃሉ ሳይለይ አሜን ብሎ ጎተተ። ባዶ።

«ያ ጸሎት አይደለም» አለችው። «ከቄስ መሸሽ ነው።»

ሦስተኛው ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ ጀመረ። ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ የእለት እንጀራው ላይ ሲደርስ ከድንጋጤው የተነሳ ጠፋበት። ዴኦሊንዳ አስታወሰችው። እንደገና ጠፋበት። ሲቸግር እኔም ገባሁበት፣ ሦስታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደገምን። ባጠገባችን የምታልፍ የቱሪስት ጀልባ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ በውስጧ ያሉት ሰዎች የሟች አመድ ባሕር ላይ የምንበትን መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴትማ አለቀሰች።

«አሜን» አለ ቤልሚሮና ዘንጉን አነሳ። ዘንጉ ጎበጠ።

ዓሣው እንደ እርጥብ በር እየከበደ፣ ምንም ሳይታገል መጣ። በመረቡ አፈስኩትና ጀልባዋ ውስጥ አስገባሁት። የሃሊበት ክፋቱ ይሄኔ ነው። ውሃ ውስጥ ያልታገለውን ሁሉ ጀልባ ላይ ታገለ። የቡና ፔርሙሴን መታ፣ ቋሊማ ያለበትን ዳቦዬን ባሕር ውስጥ ወረወረ፣ የዴኦሊንዳን መነጽር ከሞተሩ ሥር ሰደደ። ቤልሚሮ «እይዘዋለሁ!» ብሎ በሆዱ ወደቀበትና አቀፈው።

ቀጥሎ የጮኸው ግን ቤልሚሮ ነው። ሃሊበቱን የያዘችው የፊቷ ትንሽ መንጠቆ ነበረች፣ ከከንፈሩ ጥግ። ሦስት ጥርስ ያላት ማንንም ሳትይዝ ስትወዛወዝ ቆይታ አሁን የቤልሚሮን ሱሪ ከኋላ ያዘች። ሱሪውን ብቻም አይደለም።

«አትንቀሳቀስ» አለች ዴኦሊንዳ። «መጀመሪያ ዓሣው ይለካ።»

ሕጉ ከሃያ ሁለት ኢንች ያነሰ ሃሊበት መውሰድ ይከለክላል። ለካሁት። መነጽሯን ከሞተሩ ሥር አውጥታ እሷም ለካችው።

«ሩብ ኢንች ጎደለው» አለች።

«ጭራውን ሰብሰብ አድርጊው፣ ይረዝማል፤ እስቲ እንደገና» አለ ቤልሚሮ በሆዱ እንደተኛ። ሰብሰብ አደረገችው። ሩብ ኢንች ጎደለው።

ሁለቱም ተያዩ፣ ማለቴ ቤልሚሮና ዓሣው። ክለቡ ውስጥ ሴቶቹ ድንች ልጠው፣ ቅቤ አቅልጠው እንደሚጠብቁት ያውቃል። ሩብ ኢንች ማን ያያል? ዴኦሊንዳ መለኪያውን ጠቅልላ አስቀመጠች። ቤልሚሮ መንጠቆዋን ከዓሣው ከንፈር በጣቱ አላቀቀ፣ እንደምንም ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ተሳበ፣ ዓሣውን በሁለት እጁ ውሃው ውስጥ ደግፎ ነፍስ እስኪዘራ ያዘው። ዓሣው ጭራውን አንዴ አወዛወዘና ሄደ። ቤልሚሮ ባዶ እጁን ከውሃው ሳያወጣ ትንሽ ቆየ።

ዴኦሊንዳ ፒንሳዋን አወጣችና ከኋላው ተንበረከከች። «ይህን ሳምንት ሙሉ ሱቄ የተመላለስከው ለዓሣው ብለህ ነው?»

«መንጠቆ…»

«መንጠቆ የሚገዛ ሰው ሽቶ ተነስንሶ አይመጣም።»

«ዴኦሊንዳ፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው እንዴ የምትጠይቂኝ?»

«በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ አትዋሽም ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ለዓሣው ብዬ አይደለም።»

እኔ ወፎቹን ማየት ጀመርኩ። በሕይወቴ ወፍ እንደዚያ በጥሞና አይቼ አላውቅም። ከኋላዬ አንዴ «ዋይ!» የሚል ሰማሁ፤ ወጣች ማለት ነው።

ማታ ክለቡ ውስጥ ቤልሚሮ ቆሞ እውነቱን ተናገረ። ያዝኩ፣ ሩብ ኢንች ጎደለው፣ ለቀቅኩት አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሩብ ኢንች! ምነው ግማሽ ኢንች አላልክም!» አለ አንዱ። ሌላው በእጁ የሳርዲን ቁመት እየለካ አሳየው። ቤልሚሮ ሊቀመጥም አልቻለም፣ ቁስሉ ነዋ፤ እንደቆመ ተሳቀበት።

ይሄኔ በሩ አጠገብ «እኔ ነኝ የለካሁት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዴኦሊንዳ ነበረች። ከባሏ ቀብር ወዲህ እግሯ ክለቡን ረግጦ አያውቅም። ሳቁ ቀጥ አለ። በዚህ ሰፈር ዴኦሊንዳ የለካችውን ደግሞ የሚለካ ሰው የለም። መሃል አዳራሹን አቋርጣ ሄዳ ከቤልሚሮ ጎን ቆመች። ሴቶቹ ድንቹን በቋሊማና በባቄላ አቀረቡት፤ ሁለቱም ቆመው በሉ።

በጥቅምት ተጋቡ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ዴኦሊንዳ እህቷ ዘንድ ስትሄድ ሱቁን የሚጠብቀው ቤልሚሮ ነው። ለገባው ሰው ሁሉ ስለ ሃሊበት ምክር ይሰጣል፤ አብዛኛው ስህተት ነው። እኔ መንጠቆ ሲያስፈልገኝ የምሄደው ረቡዕ ነው።