የፀጉር አስተካካዩ ሪዝ

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ደንበኛው ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ እንኳ እሱ ገና የጨዋታው መሀል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ልጁን አንዲት ቃል ማናገር አቅቶት ሲንገበገብ ማየት፣ ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም፣ አትሰማም። ሚጢጢ ነው የሚሏት። ቤት ድረስ የምትመጣ መምህር ተገኘችላትና በእጇ መስማት ተማረች። አውራ ጣቷን የተናጋሪው ከንፈር ላይ፣ የቀሩትን ጣቶቿን ጉንጩና ጉሮሮው ላይ ታሳርፋለች፤ የከንፈሩን እንቅስቃሴና የድምፁን ንዝረት ለቃቅማ ቃሉን ታገኘዋለች። ያንኑ ንዝረት በራሷ ጉሮሮ ላይ እየፈለገች መናገርም ጀመረች። መጀመሪያ አጥርታ ያወጣችው ቃል "እምቢ" ነበር። ቤቱ በእምቢ ተጥለቀለቀ፤ እናቷ ግን እምቢ በተባለች ቁጥር በደስታ ትሰክራለች።

እናቷን ትሰማለች። ወተት አመላላሿን ትሰማለች። ባለሱቁንማ ፊቱን ጨምድዳ ይዛ በከረሜላ ተከራክራ ረትታዋለች። አባቷ ጋ ስትደርስ ግን ያ እንደ መጥረጊያ የተንጨፈረረ ሪዙ አውራ ጣቷን ይኮረኩራታል። "የኔ ልጅ" ሲላት ትንከተከታለች። "እራት በላሽ?" ሲላት እጇን ነጥቃ ትንከተከታለች። መጀመሪያ ላይ አብሯት ይስቅ ነበር። ባለሱቁ "ልጅህ እኮ ጨዋታ አዋቂ ናት" ያለው ቀን ግን ቅናት አንጀቱን አሳረረው።

"ጋሼ፣ ሪዝዎ ነው የጋረዳት" አለችው መምህሯ።

ሪዙ ደግሞ የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ ነው። ደንበኛው ሁሉ "እንዳንተ አድርግልኝ" እያለ የሚመጣው በሱ ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ቀን፣ እንደ ልማዱ ምሳውን በጥሬ ሽንኩርት ከበላ በኋላ፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ድራሹን አጠፋው። ለክብሩም ሽቶ ተርከፍክፎ ወደ ቤቱ በረረ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየው ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። "ይሄን ከንፈር ደብቀህ ነው እንዴ ያገባኸኝ?"

እሱ በአጠገቧ አልፎ ገባ። ሚጢጢ ፊት ተንበርክኮ እጇን አፉ ላይ አደረገ። ጣቷ ሪዙን ፈለገ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፤ ምንም የለም። አሸተተችው፤ ሽቶ ብቻ።

"እምቢ" አለችና ገፍትራው እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። "ሰውዬው ይውጣ።"

ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄው ነው። ሪዝም የለ፣ ልጅም የለ። ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ እንባው ግጥም አለ።

"አባትሽ ነው" አለቻት እናቷ፣ የልጅቷን እጅ ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

"አይደለም።"

"ጋሼ፣ ዝም አይበሉ፣ ያናግሯት" አለች ልታስተምር መጥታ የነበረችው መምህሯ፤ እሷም ሳቋን መያዝ አቅቷታል።

የሚጢጢን እጅ ቀስ ብሎ መልሶ አፉ ላይ አደረገ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ብን ብሎ ጠፋ። "እንዴት ዋልሽ?" አለ።

ልጅቷ ቀጥ አለች። ዛሬ ምንም ያልኮረኮረው አውራ ጣቷ ከንፈሩ ላይ ተጣበቀ። "ድገም።"

"እንዴት ዋልሽ፣ የኔ ልጅ?"

"ደህና" አለችና አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ሽቶው እዚያ አልደረሰም። "ሽንኩርት" አለች። ቆይታ፣ ፊቷ እየበራ፣ "አባ" አለች።

ሰውየው ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱም በደንብ አያስታውሰውም። እየሳቀ አወራ፣ እያለቀሰ አወራ። ስለሚንጋደደው የፀጉር ቤቱ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ስለሚወስዳቸው ሽማግሌ፣ እሷ የተወለደች ዕለት ግማሽ ፀጉሩን ላጭቶ ወደ ቤት ሲሮጥ ወንበሩ ላይ ስለተወው ደንበኛ አወራ። መምህሯ ተሰናብታ ሄደች። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እናቷ ወደ ገበታው ልትወስዳት ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

ሚጢጢ አልተነቃነቀችም።

"ቆይ፣ እማ" አለች። "አባ እያወራ ነው።"