የእኔ ሕመም በኮች አቤኔዘር ላይ

እግሬን በሠራሁ ማግሥት ሕመሙ እኔ ላይ አልነበረም፤ አሠልጣኜ ኮች አቤኔዘር ላይ ነበር። ጠዋት የጂሙን ደረጃ ግድግዳ ይዞ በጎኑ ሲወርድ አየሁት። እኔ ሮጬ ወጣሁ።

መቸኮል አልፈለግሁም፤ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግራ ክንዴን ብቻ ሠራሁ። በማግሥቱ ኮች በግራ እጁ ስልኩን ወደ ጆሮው ማድረስ አቃተው።

«ምን ሆነህ ነው ኮች?»

«እኔ እንጃ ጀለስ። ብረት ከነካሁ ቆየሁ እኮ።»

ይህ ከመሆኑ በፊት እህቴ ጽጌ ስትታመም፣ ብትድንልኝ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳልገድፍ ልጾም ተስዬ ነበር። በጾሙ ጡንቻዬ እንዳይወርድ ፈርቼ ኮችን ሳማክረው አንድ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄት ሰጠኝ። «የጾም ነው፤ ከአኩሪ አተር የተሠራ» አለኝ። በየቀኑ በውሃ በጥብጬ ጠጣሁት። ጽጌ በጾሙ አጋማሽ ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስልጠው ከሥሩ የላም ሥዕል አገኘሁ።

«ይሄ ወተት ነው» አልኩት።

«ዱቄት ነው። ሲታለብ አየህ እንዴ?» ሳቀ። «ይልቅ ደረትህን እየው። ጡንቻ ንስሐ አይገባም።»

ጽጌን የገደላት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አላውቅም። ሐኪሞቹ ኩላሊቷ ነው ብለዋል። እኔ የማውቀው ስለቴ መፍረሱን ነው።

ሕመሙ ወደ እሱ መሄዱን ካረጋገጥኩ በኋላ ዕረፍት አልወሰድኩም። ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ እግር ሠራሁ። ጡንቻ የሚያድገው ሕመሙ ባደረበት ቦታ ነው፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ኮች ነው። እኔ ከሳሁ፤ እሱ ወፈረ። መጀመሪያ ሸሚዞቹ ተተረተሩ። ቀጥሎ ክንዱ አልታጠፍ አለው፤ ሚስቱ መቅደስ ታጎርሰው ጀመር። በመጨረሻ በቢሮው በር መውጣት አልቻለም።

በፋሲካ ዋዜማ በበሩ ክፍተት ጠራኝ።

«ወንድሜ፣ ይብቃህ። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገብቷል። መተንፈስ አልቻልኩም።»

«ደከመኝ ስልህ "አንድ ጨምር" ትለኝ ነበር።»

«በጽጌ ሞት።»

ስሟን ባይጠራ ኖሮ ምናልባት አቆም ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም።

በሩን ገጥሜለት ወደ አግዳሚው ወንበር ተመለስኩ። ክንዴ የሕፃን ክንድ ያህላል፤ ብረቱ ግን አይከብደኝም። ክብደቱም ወደ እሱ ሳይሄድ አይቀርም። አነሣሁ፣ አወረድኩ፣ አነሣሁ። የቢሮው በር ተንቋቋ። ከበሩ ሥር ወዛም ቆዳ ቀስ ብሎ ወጣና ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሳነሣ ይወጠራል፤ ሳወርድ እንደ ልብ ይመታል።

አንድ ጨመርኩ።