ሦስት ትንፋሽ

"እማዬ ትኬት ቆርጣልኛለች። ታክሲው አሁን ይደርሳል" አለች ማረን፣ ሻንጣዋን በደረጃው ላይ እያንገጫገጨች እያወረደች።

ሳህን ያጥብ የነበረው ጋሬት ክው አለ። "ለስንት ቀን?"

"ልኖር ነው፣ አባዬ።"

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ያደገችባትን ዱሉዝ ከተማን ጥላ፣ ትምህርቷን ልትጨርስ ስምንት ወር ሲቀራት፣ እናቷ ያለችበት አሪዞና ድረስ! ጋሬት አፉን ሊከፍት ሲል መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ያለው ስልክ "ደንንን" አለ። መቼ እንደሚጮህ የማይታወቅ የማሰላሰያ ደወል ነው፤ ሲጮህ ሥራም ወሬም ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይተነፈሳል። ጋሬት ዓይኑን ጨፈነ።

"ይኸው ጀመረው ደግሞ! እየሄድኩ ነው እኮ የምልህ!"

ሦስተኛውን ተንፍሶ ዓይኑን ገለጠ። "ውሳኔሽን አከብራለሁ" አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከቡድሂስት ማኅበርተኞቹ ጋር በሚለማመደው ለስላሳ ድምፅ። "ሁሉም ያልፋል። አጥብቄ ልይዝሽ አልፈልግም።"

የዛሬ ስድስት ዓመት እንዲህ አልነበረም። በትንሽ በትልቁ ይገነፍል ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ሳህን ከግድግዳ ጋር አላተመ፤ ሚስቱ በሳምንቱ ቤቱን ለቃ ወጣች፣ ማረን ግን ከአባቴ አልለይም ብላ ቀረች። ራሱን ፈርቶ ማሰላሰል ጀመረ። ቁጣው እውነትም በረደ። አብሮት ሌላም ብዙ ነገር በረደ።

"ድመቴ ስትሞት 'ሁሉም ያልፋል'! ፈተና ስወድቅ 'ሁሉም ያልፋል'! እኔም ላልፍልህ ነው፣ ደስ ይበልህ!"

"ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ..."

"ሳህን ሰባሪው አባቴ ይሻለኝ ነበር። እሱ ቢያንስ እዚህ ቤት ይኖር ነበር።"

አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ማሰላሰል የምታስተምረው አሮጊቷ ዶሎሬስ ከአንዴም ሁለቴ ነግራው ነበር፦ "ደወሉ ወዳለህበት ሊመልስህ ነው እንጂ ልትደበቅበት አይደለም።" እሱ ግን ራሱን በእሺታ ነቅንቆ መደበቁን ቀጠለ።

ውጭ ታክሲው ክላክስ አደረገ። ማረን የበሩን እጀታ ስትይዝ ደወሉ ድጋሚ ጮኸ። እንደለመደችው ቆመች፤ ዓይኑን እስኪጨፍን ጠበቀች።

አልጨፈነም።

"አትሂጂ!" ቤቱ አስተጋባ። "እንድትሄጂ አልፈልግም! ሳትነግሪኝ መወሰንሽ አናዶኛል! ፈርቻለሁም! ሰማሽ?"

ሲያጥበው የነበረው ሳህን አሁንም እጁ ላይ ነበር። ሁለቱም አዩት። ጋሬት ሳህኑን ቀስ አድርጎ ማድረቂያው ላይ አስቀመጠው።

ማረን እጀታውን ለቀቀች።

"ሂድና ሹፌሩን ትንሽ ጠብቅ በለው" አለች። "ከዚያ ተመለስና ተቆጣኝ። አልጨረስክም።"

ጋሬት እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ወደ በሩ አመራ። ከበሩ ተመልሶ መጣና መጀመሪያ ስልኩን ከነደወሉ አጠፋው።