ቀያዮቹ መስመሮች

ጉሃድ ለጨጓራ ምርመራ የፕላስቲክ መንከሻውን በጥርሱ ይዞ በግራ ጎኑ ተጋድሟል። «ከተኛሁ አልነቃም» ብሎ ማስተኛ መርፌውን እምቢ ስላለ ጉሮሮውን ብቻ አደንዝዘውለታል። ስለዚህ ሁሉንም ያያል።

ከቀብሪበያ ጅግጅጋ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ደሙ እያነሰ ሦስት ጊዜ ደም ተሰጠው፤ በየት በኩል እንደሚያልቅ ግን አልታወቀም። ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት ሰው ጭኖ ሲከንፍ መንገዱ ድንገት ጨለመበት። እንደ ምንም ዳር ያዘ። ተሳፋሪዎቹን «ሞተሩ ግሎ ነው» አላቸው፤ ማታ ለሚስቱ ለዒፍራህም ይህንኑ ደገመላት። ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ለማንም አልተናገረም። ታላቅ ወንድሙ የሞተው በጨጓራ ካንሰር ነው።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮው ወረደ። ስክሪኑ ላይ፣ ከጨጓራው መውጫ ዙሪያ፣ ቀያይ መስመሮች እንደ ሐብሐብ ልጣጭ ተሰልፈው ታዩት። ቱቦውን የያዘችው ዶክተር ሶልያና ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ አየች።

«ጋሽ ጉሃድ፣ ካንሰር አይመስልም» አለች በመጨረሻ። «ያበጡ የደም ሥሮች ናቸው፤ ጠብ ጠብ እያሉ ነው ደምዎን የጨረሱት። ጠዋት ሲፈርሙ እንደነገርኩዎት በኤሌክትሪክ ሙቀት ልተኩሳቸው እችላለሁ። ጨጓራ የመበሳት አደጋ አለው፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ቀጥዪ ካሉኝ አጠገብዎ የቆመችውን የሲስተር ጥሩነሽን እጅ ይጨብጡ።»

መንገዱ ሲጨልም ከኋላው ይሳሳቁ የነበሩት ሰዎች ትዝ አሉት። ጨበጠ።

ከቱቦው ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። የነካው መስመር ሁሉ እየነጣ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ግን ደም ፊን አለና ስክሪኑ ቀላ። «ውኃ» አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። ጉሃድ በልቡ ሸሃዳውን ያዘ፤ ጀመረ፣ ጠፋበት፣ እንደገና ጀመረ። ውኃው ደሙን አጥቦ ሲወስድ ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀረ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለችው። «ከወር በኋላ ይመለሳሉ፤ ምናልባትም ደጋግመው። እስከዚያ መሪ አይይዙም።»

ዒፍራህ ኮሪደሩ ላይ ከአግዳሚው ብድግ አለች። «ምን አገኙ?»

«ምንም» ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠና ሰገራው ከጠቆረበት ቀን አንስቶ ሁሉንም ነገራት።

«አሁንስ ትፈራለህ?» አለችው።

«እፈራለሁ።»

በሃያ ዓመት ትዳራቸው ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። የቀዘቀዘ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ከውስጥ ሌላ ስም ተጠራ። ከጎናቸው የነበረው ሰው ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያነብበት የፈለገ ይመስል ዞር ብሎ የጉሃድን ፊት አየ።