ቁጥሯ አንድ ላይ የነበረችው ጣሳ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፉሪ ባለው ወፍጮ ቤት የነበሩት ባለቤቱ ሸምሱ፣ ሚስቱ ቀመሪያ እና ደጅ አግዳሚው ላይ ዱቄት የሚጠብቁት እማማ ገበያነሽ ናቸው። ቀመሪያ እጇን ከዱቄቱ መውረጃ መንጭቃ አወጣች። ጣቶቿ መሃል ጥቁር፣ እንደ ንፍጥ የሚለጠጥ ነገር ተንጠልጥሏል።

"እፍ! ሸምሱ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ሸምሱ ቀና ብሎ ያየው እጇን ሳይሆን የወፍጮው ዘንግ በሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ የገጠማትን አዲስ ጣሳ ነበር። ግራሶ የሚባለውን የማሽን ቅባት በእጁ መቀባት ሰልችቶት ከመርካቶ ያመጣት ናት። ሆዷ ውስጥ ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ከኬሚካሉ ጋር ስትሠራ ጋዝ ትፈጥራለች፤ ጋዙም ግራሶውን ቀስ እያለ ይገፋዋል።

"ቁጥሯን አንድ ላይ እኮ ነው ያደረግኩት፤ ትንሽ ትንሽ እንድትተፋ ብዬ።"

"ቁጥሩ ወር ነው! ሻጩ ሲነግርህ አንተ ስልክ ታወራ ነበር። የዓመቱን ግራሶ በአንድ ወር ጨርሺ ብለሃታል፤ ትርፉ ዱቄቱ ውስጥ ይንጠባጠባል።"

"ዝም በይ፣ እማማ ይሰማሉ። ላይ ላዩን ግፈፊው፤ የቀረውን ወንፊት ይይዘዋል።"

"ያ ሸምሱ! የአጥሚት እህል እኮ ነው። ልጃቸው ትሕትና ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው።"

"ታዲያ አጥሚት ላይ ቅቤ አይጨምሩም? ይሄም ቅባት ነው።" ጣቱን ዱቄቱ ውስጥ ነክሮ ላሰና ሳቀ። "አየሽ፣ አልሞትኩም።"

ጥርሱ ላይ ጥቁር መስመር ቀርቷል። ሳቁ ቀመሪያን ሌላ ነገር አስጠረጠራት፤ ነገሩ አዲስ የሆነበት ሰው እንዲህ አይስቅም።

"ከዚህ በፊትም አይተኸዋል?"

"ሐሙስ ትንሽ ነበር። ገፈፍኩት።"

ሐሙስ ለቤት የወሰደችው የገብስ ዱቄት ትዝ አላት። ዓርብ ጠዋት ልጆቿ የላሱት ገንፎ ከዚያው ዱቄት ነበር።

"ቀመሪያዬ፣ አልደረሰም እንዴ?" አሉ እማማ ገበያነሽ ከደጅ። "አራሷ እኮ ብቻዋን ናት!"

"ደርሷል እማማ! እየተነፋ ነው!" አለ ሸምሱ፤ ወንፊቱንም ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

ቀመሪያ ወንፊቱን አልተቀበለችም። እጇንም አልጠረገችም። እንደጠቆረ ይዛው ወጣችና አሮጊቷ ፊት ዘረጋችው።

"እማማ፣ ዱቄትዎ ውስጥ ያገኘሁት ነው። ሸምሱ ሐሙስም ነበር ብሎኛል።"

እማማ ገበያነሽ እጇን አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። ዱቄቱን ትተው ባዶ ከረጢታቸውን ይዘው ሄዱ። እስከ ቀትር ድረስ እህላቸውን ወረፋ አስይዘው ሄደው የነበሩት ሁሉ ወሬውን ከእሳቸው ሰምተው እየመጡ መልሰው ወሰዱ።