ስሙ ሄደ፣ መሬቱ ቀረ

ስሞቹን ያተራመሰው ሽመክት ነበር። ሚስቱ ሰርካለም ይህን የሰማችው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ በሰልስቱ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ገና መግባታቸው ነበር። በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የሽመክትን እናት «እግዜር ያጥናዎት» አሉ። ወንድሙንም አሉ። ሰርካለምን ዘለው ወዲያ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ከጀርባዋ የእሷና የባሏ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስለጣለች የተኛች መስሏቸዋል።

«ሽማግሌው ለምን ዘለሏት?» አለች እሌኒ። ሰርካለም ከኮምፒውተሩ ከተነሳች ወዲህ ቦታውን የያዘችው እሷ ናት።

«የመሬት ደብተሩ ሲታተም በደረሰባቸው ነዋ» አለ ተገኘ። «የገበሬው ስም ባንዱ ዓምድ፣ ማሳው ቀጥሎ ባለው። ስሙ በፊደል ተራ ይሁን ተባለ። ስሙን ብቻ መርጦ ደረደረው።»

«ማሳውስ?»

«ማሳው ምን ያውቃል? ባለበት ቀረ። ስሙ ሄደ፣ መሬቱ ቀረ። ያንዱ እርሻ ላንዱ ሆኖ ታተመ።»

«ውይ! ኮምፒውተሩ እኮ ይጠይቃል፤ ጎኑ ያለውም አብሮ ይሂድ ወይ ብሎ።»

«በእንግሊዝኛ ነዋ የሚጠይቀው። ሽሜ ደግሞ ሳያነብ መጫን ነው።»

«ሽመክት? ሰርካለም አይደለችም እንዴ?»

«እሷማ ቀድማ ወጥታለች። ቀስ በይ።»

ወጥታ ነበር። ጥርሷን አሟት፣ ስሞቹን ልትደረድር ስትል ትታው ሄደች። በማግስቱ ሽመክት «ጨርሰሽው ነበር እኮ፤ እኔ ማተም ብቻ ነው» አላት። አመነችው። እንዲያ እያመማት ምን እንደነካች በምን ታውቃለች?

የአቶ ገብረ ክርስቶስ የገብስ ማሳ በሌላ ሰው ስም ወጣ። እስኪታረም በልጉ አለፋቸው፤ ያን ዓመት እህል በሸመታ በሉ። ግምገማ ተጠራ። ሰርካለም ቆማ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ሽመክት ከኋላ እጁን አወጣ። «ጓዶች፣ ሰው ናት፣ ትሳሳታለች። ይቅርታ ይደረግላት» አለ።

እሷን ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወሯት። እሱ ማታ እግሯን አጠባት። ደግ ባል አለሽ አሏት። እሷም ደግ ባል አለኝ አለች።

ነጠላዋን ገለጠችው።

«ተገኘ።»

«ወይኔ! ሰርኬ፣ ተኝተሽ...»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አጠገቡ ነበርኩ። እንዳልናገር በሚካኤል አስምሎኝ ነው።»

«ግምገማው ላይም አጠገቡ ነበርክ።»



የሽመክት እናት እማማ ጥሩሸዋ ክንዷን ጨበጥ አደረጓት። «ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ። አሁን አይደለም።»

«መች ነው፣ እማማ?»

«አፈሩ ሳይደርቅ! ሰው ምን ይላል?»

«እስካሁን ሲል የከረመውን ነዋ።»

ይሄኔ አልቃሿ አየለች ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ደጉ ሽሜ! የሚስቱ ጠበቃ! የሰው ጥፋት ተሸካሚ!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ሁሉም ወደ ሰርካለም ዞረ፤ እሷ ሙሾውን እስክትቀበል ይጠብቃል። እማማ ጥሩሸዋ እያነቡ ክንዷን ወዘወዙት። «አልቅሺ እንጂ፣ ልጄ! አልቅሺለት!»

ሰርካለም ክንዷን አስለቀቀች። ከሐዘንተኛው ፍራሽ ተነስታ ድንኳኑን አቋረጠች።

«አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለቻቸው አቶ ገብረ ክርስቶስን፤ ከለቀስተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።