ጠብደል ብቻውን ሲውል

ራጅ አንሺ ነኝ። ሥራዬ ሰውን ብቻውን ትቶ መውጣት ነው ቢባል አልተዋሸም። ሕመምተኛውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛለሁ፣ እጁን ወይም ጉልበቱን አስተካክላለሁ፣ «አይዞዎት፣ መጣሁ» እላለሁ፣ ከዚያ ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ሄጄ ቁልፉን እጫናለሁ። ያንን ሳልል ወጥቼ አላውቅም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ከጠረጴዛው ተነስቶ አልሄደብኝም ነበር።

ለጠብደልም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ጠብደል የአራት ወር ቡችላ ነው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቴ ናት፤ ከጫማዬ ብዙም በማይበልጠው ገላው ላይ ልታሾፍ። አብረን ከምንኖርበት ቤት አግብታ ስትወጣ «ብቻሽን ከግድግዳ ጋር እንዳታወሪ» ብላ እቅፌ ውስጥ ጣለችው። ቀን ቀን ግን ብቻውን የሚውለው እሱ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስገባ አከራዬ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እኔ ውሻ አልጠላም» አሉ። «ከሥርሽ ያለው ጋጋሪ ግን ሌሊት ሲጋግር አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ነው። ዛሬ በፒጃማው መጥቶ ደጄ ላይ ተገተረ። እስከ ዓርብ ዝም ካሰኘሽው አሰኘሽው። አለዚያ ቅዳሜ ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል።»

የወንድማቸውን የእንጨት መጋዘን አውቀዋለሁ፤ ወደ ሥራ ስሄድ አልፈዋለሁ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ታስሯል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል። ሣር የበቀለው ከክቡ ውጭ ነው።

ማክሰኞ ማታ ልምምድ ጀመርን። በሩን ዘግቼ ደረጃው ላይ እቆምና ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ደቂቃ ሳይጮህ ከቆየ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አምስት ላሳድገው ነው ሐሳቤ። ውጤቱን በደብተር ያዝኩ። የመጀመሪያው ዐሥራ አንድ ሴኮንድ፣ ሁለተኛው ዘጠኝ። ሬዲዮ ከፈትኩለት፤ ሰባት። የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ አነጠፍኩለት፤ አምስት፣ የሹራቡም እጅጌ ተተረተረ። በወጣሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ እይዝና በለሆሳስ «አይዞህ፣ መጣሁ» እለዋለሁ። ቁጥሩ ግን ቁልቁል ነው የሚሄደው።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

«አንቺ ደግሞ ነገር ስታከብጂ! ሲደክመው ይተዋል» አለች።

«እስኪደክመው ዓርብ ይደርሳል።»

«እኔ ጋ አምጪው እንዳልልሽ፣ ባሌን የውሻ ፀጉር ያስነጥሰዋል።»

«እሱን እንኳ የራሱም ፀጉር ሳያስነጥሰው አይቀርም።»

ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ ሳቅ አላለኝም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ጋጋሪውን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ያን ቀን አርፍደው መግባታቸው ነው። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሹልክ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጠብደል ከላይ እሪታውን ያቀልጠዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«ተይው እስቲ። ሌሊት ሊጡ ላይ ድፍት ብዬ ባልደረቦቼ አብረው ሊያቦኩኝ ምንም አልቀራቸውም።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው አዳመጡ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምንድን ነው የምትነግሪው?»

«ምኑን?»

«ይኸንን ‹አይዞህ መጣሁ› የምትዪውን ነዋ። አልጋዬ እኮ ከበርሽ ሥር ነው። ስትለብሺ ዝም ይላል። ጫማ ስታጠልቂ ዝም ይላል። አንቺ ያንን ስትዪ ነው እዬዬውን የሚጀምረው። ትናንት ማታማ ስትወጪ ስትገቢ፣ ስትወጪ ስትገቢ፣ እኔ ራሴ ድምፅሽን በሰማሁ ቁጥር ትራስ ጆሮዬ ላይ መድፈን ጀመርኩ።»

«እንዲረጋጋ ብዬ ነው እኮ።»

«እሁድ ልብስ ልታሰጪ ሰገነቱ ላይ ወጣሽ። ምንም አላልሽውም። ግማሽ ሰዓት ቆየሽ፣ እሱ ትንፍሽ አላለም። በዚህ ሳምንት ለጥ ብዬ የተኛሁት ያቺን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሕመምተኛ እመለሳለሁ ስለው ይገባዋል፤ ደግሞም በአንድ ደቂቃ ውስጥ እመለሳለሁ። ጠብደል ግን የሚያውቀው ያንን ከሰማ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ በር፣ ቁልፍ፣ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ ቤት። እያባበልኩት መስሎኝ በየቀኑ ሳስደነብረው ከርሜአለሁ።

ማታ አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ቁልፌን አንስቼ ቁጭ አልኩ። ጫማዬን አጥልቄ ሽንኩርት ከተፍኩ። በሩን ከፍቼ ሳልወጣ ዘጋሁት። ጠብደል መጀመሪያ ከእግሬ ሥር አልጠፋ አለ፣ ኋላ ሰለቸውና ጠረጴዛው ሥር ተጠቀለለ። ያን ጊዜ ምንም ሳልል ወጣሁ። አንድ ደቂቃ። ቀጥሎ ሦስት። ሐሙስ ማታ ዐሥራ አራት ደቂቃ ደረስን። ሃያ ልሞላ ስወጣ ግን፣ በሩን ልስብ ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ አፌም አመለጠኝ። «አይዞህ፣ መጣሁ»፣ ሙሉውን አልኩት። ገና ሁለት ደረጃ ሳልወርድ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ጋጋሪው ከሥር ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡ ሰማሁ። ደብተሩ ላይ «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ከንፈሬን ነክሼ ወጣሁ። የምሬን ነው፤ ደሙን ምላሴ ላይ እቀምሰው ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ጩኸቱንስ ለምጄዋለሁ፤ ጸጥታው ነው አላስኬድ ያለኝ። የሹራቡን ክር ውጦ ይሆን? የመብራት ገመድ ነክሶ ይሆን? እጄ በሩን እንዳይከፍት ኪሴ ውስጥ ከትቼው ወረድኩ።

መጀመሪያ የገቡት የእጃቸው አንጓ የተሰበረ አንዲት እናት ነበሩ። እጃቸውን አስተካከልኩ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሄድኩ። ቁልፉን ልጫን ስል ድምፃቸው መጣ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ጥላኝ ሄደች እንዴ?»

በግድግዳው መስታወት አሻግሬ ሳይ፣ ባዶ እግራቸውን ከጠረጴዛው እያወረዱ ነው። ሮጥኩ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ፣ እዚሁ ነኝ።»

«ወዴት እንደምትሄጂ ንገሪኝ እንጂ ልጄ» አሉ፣ ደህናውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ሰው እኮ ነኝ።»

ስልክ ራጅ ክፍል አናስገባም፤ የልብስ ሣጥናችን ውስጥ ነው የሚውለው። ለምሳ ስወጣ አከራዬ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። ሣጥኑን ተደግፌ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጮኸ?»

«አንቺ ልጅ፣ ውሻውን የት አደረስሽው?»

«ቤት ነው።»

«ጋጋሪው ‹ድምፅ የለም፣ ሞቶ እንዳይሆን› እያለ መከራዬን አበላኝ። ሲጮህ አልተኛ፣ ዝም ሲል አልተኛ! በትርፉ ቁልፍ ከፈትንና ገባን።»

«እና?»

«አለልሽ። ከበሩ ፊት ለፊት ተጋድሟል። ተኝቶ አገኘሁት ብዬ አልዋሽሽም፤ ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል። ሲያየን ጭራውን አንዴ መታ አደረገና ተመልሶ በሩን ማየት ያዘ። አንቺ አይደለንማ።»

«ወንድምዎስ?»

ጋጋሪው ከኋላቸው የሆነ ነገር ሲያጉተመትሙ ይሰማል።

«ነገ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ። ይኸው ይኼ ሰውዬም ‹እኔም ልተኛ፣ እሱም ይቆይ› እያለኝ ነው። የጮኸ ቀን ግን እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ብቻ እንዲህ በር በር ሲያይ መዋል ምን ኑሮ ነው?» አሉና ዘጉት።

የምሳ እረፍቴ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ ሲሄድ ዐሥራ አራት ደቂቃ፣ ሲመለስ ዐሥራ አራት። ዐሥራ ሰባት ደቂቃ አብሬው ልቆይ እችላለሁ። ጋወኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እንደገና ጥዬው መውጣት እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።